ትንሽ ሠሪን በትዕግሥት ስለ መደገፍ

ሰው በገንዘቡ የሚገዛው ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተሠርቶ ያለቀ፥ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ገዢውን የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው ግን ገና በመሠራት ላይ ያለ፥ ገዢው ራሱ የሚጠብቀው ነው። የመጀመሪያውን ለመግዛት ገንዘብ ብቻ ይበቃል፤ ሁለተኛውን ለመግዛት ግን ከገንዘብ ጋራ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ዓይነት ግዢ ነው፤ ይኸውም ሲንተሳይዘር የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ሳይገጣጠም በኪት መልክ ለሚሸጡ ትንንሽ ሠሪዎች ገዢው ሊያደርግላቸው ስለሚገባው ትዕግሥትና ድጋፍ ነው።

ይህ ነገር ለቤተ ሰብ ገጽ የማይስማማ መስሎ የሚታየው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ልጆች ስለ ገንዘብ፥ ስለ ቃልና ስለ ሰው ድካም የሚማሩት ከምክር ይልቅ ወላጆቻቸው ዕቃ ሲገዙና ከሻጭ ጋራ ሲነጋገሩ በማየት መሆኑን በቤታችን አይተነዋል። ስለዚህ ነገሩ የገበያ ብቻ ሳይሆን የልጅ አስተዳደግም ጭምር ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ ባጭሩ እንግለጽ። ሲንተሳይዘር ማለት ድምፁን ከአውታር ወይም ከትንፋሽ ሳይሆን ከኤሌክትሪክ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። በውስጡ ኦሲሌተር የተባለው ክፍል የኤሌክትሪኩን ኃይል በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ከፍና ዝቅ እያደረገ ድምፅን ይወልዳል፤ ፊልተር የተባለው ክፍል ከድምፁ ሹል የሆነውን እየቀነሰ ያለዝበዋል፤ ሌላው ክፍል ደግሞ ድምፁ መቼ እንዲጐላና መቼ እንዲከስም ይወስናል። ኪት የሚባለው ይህ ሁሉ ተበትኖ በትንሽ ሣጥን ሲመጣ ነው። የመዳብ መንገድ የታተመበት ሰሌዳ፥ የእህል ቅንጣት የሚያህሉ ሬዚስተሮች፥ ካፓሲተሮች፥ ትራንዚስተሮችና ቺፖች፥ ማዞሪያዎችና የፊት ሰሌዳ በየከረጢቱ ተለይተው ይመጣሉ። ገዢው መመሪያውን እያነበበ እያንዳንዱን በቦታው ሰክቶ ይበይዳል። ዋጋው ተገጣጥሞ ከሚሸጠው ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ከዚህም በላይ ሠርቶ የጨረሰ ሰው መሣሪያው ቢበላሽበት እንዴት እንደሚጠግነው ያውቃል።

ይህ ሥራ ከትንሽ ቤት የመጣ ሥራ ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን። ሮበርት ሙግ የተባለው አሜሪካዊ በ1961 ዓ.ም. ገና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፥ እጅ ሳይነካው በአየር ላይ በእጅ እንቅስቃሴ የሚጫወቱትን ተሬሚን የተባለውን መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ ጻፈ፤ ከዚያም ወደ 1 ሺህ የሚጠጋ የተሬሚን ኪት ሸጠ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ኸርበርት ዶይች ከተባለው የሙዚቃ ደራሲ ጋራ ሆኖ ስሙን በዓለም ያስጠራለትን ሲንተሳይዘር የመጀመሪያ ናሙና ሠራ። እንግዲህ ያንን ኪት የገዙት ሰዎች ለአንድ መጫወቻ ዋጋ ከፈልን ብለው አስበው ይሆናል እንጂ፥ የሙዚቃን ታሪክ ለሚለውጥ እጅ ስንቅ ማቀበላቸውን አላወቁም ነበር።

ሌሎችም እንዲሁ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. ጆን ሳይመንተን በኦክላሆማ ሲቲ ፓያ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ፥ ውድ መሣሪያ ለመግዛት አቅም ላልነበራቸው ሰዎች ኪት በፖስታ ይልክ ጀመር። በጀርመን አገር ደግሞ ዲተር ዴፕፈር በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ኤ-100 የተባለውን በክፍል በክፍል የሚገጣጠም ሲንተሳይዘር አወጣ። የፊት ሰሌዳው ቁመት 128.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ይህ ልክ ዛሬ ዩሮራክ በመባል ይታወቃል፤ በብዙ አገር የተበተኑ ትንንሽ ሠሪዎችም አንዱ የሠራው ከሌላው ጋራ እንዲገጥም ይህንኑ ልክ ተከትለው ይሠራሉ። በፓሪስ ከተማ ኤሚሊ ዢሌ የመሠረተችው ሚውታብል ኢንስትሩመንትስ በመጀመሪያ ሹሩቲ የተባለውን መሣሪያ በኪት ይሸጥ ነበር፤ የሥራውንም ንድፍ ለሁሉ ገልጦ ስለ ሰጠ፥ ድርጅቱ በ2022 ዓ.ም. ሥራውን ካቆመ በኋላ እንኳ ሌሎች ሰዎች በዚያው ንድፍ እየሠሩ ይኖራሉ።

አሁን ወደ ትዕግሥቱ ነገር እንምጣ። ከእነዚህ ሠሪዎች ብዙዎቹ አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰዎች ናቸው። ንድፉን የሚነድፈው፥ ዕቃውን የሚያዘው፥ ከረጢቱን የሚሞላው፥ መመሪያውን የሚጽፈው፥ ለገዢው ደብዳቤ የሚመልሰውና ወደ ፖስታ ቤት የሚሄደው ያው አንዱ ሰው ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሠሪ 100 ኪት ለማውጣት አሰበ እንበል፤ በያንዳንዱም ኪት ውስጥ 120 ቅንጣት ዕቃ ቢኖር 12 ሺህ ቅንጣት በእጁ ቈጥሮ መለየት አለበት ማለት ነው። ከነዚህም መካከል አንድ ዓይነት ቺፕ ብቻ ቢቀርበት መቶውም ኪት ይቆማል። ሰሌዳውንና የፊት ገጹን በብዛት ካላሳተመ ዋጋው ይወደድበታል፤ በብዛት ለማሳተም ደግሞ ገንዘቡን አስቀድሞ መክፈል አለበት። ስለዚህ ገዢው የሰጠው ገንዘብ በሠሪው ኪስ ተቀምጦ የሚጠብቅ አይደለም፤ ወዲያው ወደ ሰሌዳና ወደ ሽቦ የተለወጠ ነው።

በዚህም ላይ ከሠሪው ዓቅም ውጭ የሆነ ችግር ይመጣል። በጥቅምት ወር 2020 ዓ.ም. በጃፓን አገር በኖቤኦካ ከተማ የሚገኘው የአሳሂ ካሴይ ድርጅት የቺፕ ፋብሪካ በእሳት ተቃጠለ። ይህ ፋብሪካ ድምፅን ወደ ቍጥር፥ ቍጥርን ወደ ድምፅ የሚለውጡ ቺፖች የሚሠሩበት ስለ ነበረ፥ በድምፅ መሣሪያ ሥራ የተሰማሩ ሁሉ ተቸገሩ። በዚያው ዘመን በወረርሽኙ ምክንያት በዓለም ሁሉ የቺፕ እጥረት ሆኖ፥ በሳምንት ይመጣ የነበረው ለብዙ ወር የሚጠበቅ ሆነ። ታላላቆቹ ኩባንያዎች አስቀድመው በብዛት አዝዘው ያለውን ሲወስዱ፥ ሁለት መቶ ቺፕ የሚፈልገው ትንሽ ሠሪ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ።

በኛ ላይ የደረሰውም በዚህ ዘመን ነው። የምንኖረው በአሜሪካ አገር፥ በሜሪላንድ ግዛት፥ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዓ.ም. በዚሁ በዋሽንግተን የቀዳውንና አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋራ ያጣመረበትን ሙዚቃ ልጃችን ከሰማ ወዲህ፥ ይህን ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ በገዛ እጄ ካልሠራሁ ብሎ ዕረፍት ነሣን። ዕድሜው 16 ዓመት ነበር። በበጋው ወራት የጎረቤት ሣር እያጨደ ያጠራቀመውን 260 ዶላር ሰጥቶ በ2021 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከአንድ ትንሽ ሠሪ ኪት አዘዘ። ሠሪው በሌላ ግዛት የሚኖር፥ ብቻውን የሚሠራ ሰው ነበር፤ ዕቃውን በሰኔ ወር እልካለሁ ብሎ ነበር። ሰኔ አለፈ፤ ሐምሌም አለፈ፤ ነሐሴ ሲጋመስ ልጃችን ፊቱን አጥቍሮ ወደ እኛ መጣና፥ «አባባ፥ ሰውየው ገንዘቤን ይዞ ተኝቷል፤ ለባንኩ አመልክተን እናስመልሰው» አለን።

እኛም መጀመሪያ የልጁ ነገር እውነት መስሎን ነበር፤ የልጅ ድካም መና ሲቀር ማየት ለወላጅ ከባድ ነውና። ባለቤታችን ግን፥ «ያልተጠየቀ ሰው አይፈረድበትም፤ አስቀድማችሁ ጠይቁት» አለችን። ይህን ምክር ተቀብለን ከልጃችን ጋራ ተቀምጠን አጭር ደብዳቤ ጻፍን። በደብዳቤውም ስድብና ዛቻ አላገባንበትም፤ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅን። አንደኛ፥ ሥራውን ያቆመው የትኛው ዕቃ ነው? ሁለተኛ፥ በርስዎ ግምት መቼ ይደርሳል? ሦስተኛ፥ መጠበቅ ባንችል ገንዘቡን መመለስ ይችላሉን?

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። ሠሪው የሚፈልገውን ቺፕ ከዋናው ሻጭ ስላጣ ከደላላ ገዝቶ ነበር። ዕቃው ሲመጣ እያንዳንዱን ቢፈትነው ብዙዎቹ ስማቸው ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈባቸው ሐሰተኛ ቺፖች ሆኑበት። ፈትኖ ደኅናዎቹን ብቻ እየለየ መላክ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ዛሬ የሠራው ከወር በኋላ ሊሞት ይችላል ብሎ ፈርቶ ሁሉንም ጥሎ እንደ ገና አዘዘ። 140 ሰዎች እየጠበቁት መሆኑን ገለጠልን፤ ከነዚህም ሢሶው በአንድ ጊዜ ገንዘባቸውን ቢጠይቁት ሥራውን ዘግቶ ወደ ቅጥር እንደሚሄድ አልሸሸገንም። ሆኖም ገንዘቡ የልጅ ድካም መሆኑን ከደብዳቤያችን ስለ ተረዳ፥ «የርሱን ከሁሉ አስቀድሜ እመልሳለሁ» ብሎ ጻፈ።

ደብዳቤውን ለልጃችን ሰጠነውና፥ «ገንዘቡ ያንተ ነው፤ ፍርዱም ያንተ ይሁን» አልነው። ሌሊቱን አስቦበት በማግሥቱ፥ «እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ልጠብቀው፤ ከዚያ ካለፈ ግን ይመልስልኝ» አለ። ይህንኑ ቀን ቈርጠን ለሠሪው አስታወቅነው፤ እርሱም በየወሩ መጀመሪያ ነገሩ የደረሰበትን ለገዢዎቹ ሁሉ ይጽፍ ጀመር። ኪቱ በኅዳር ወር ደረሰ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ልጃችን ሦስት ቅዳሜ ተቀምጦ በይዶ ከጨረሰ በኋላ መሣሪያው ኤሌክትሪክ ሲሰጠው አልበራም። ቢለካው 12 ቮልቱ እስከ ዳዮዱ ድረስ ይመጣና ከዳዮዱ ወዲያ ይጠፋል። ዳዮድ ማለት ኤሌክትሪክን ባንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ቅንጣት ነው። በመመሪያው ሥዕል ላይ ያለውን የዳዮዱን አቀማመጥ በሰሌዳው ላይ ከታተመው ምልክት ጋራ ቢያስተያየው ሁለቱ ተቃራኒ ሆነው አገኛቸው። ልጃችን የለካውን ቍጥርና ሁለት ፎቶግራፍ ለሠሪው ላከለት። ሠሪው በዚያው ቀን፥ ትክክለኛው የሰሌዳው ምልክት መሆኑን፥ የመመሪያው ሥዕል ግን የተሳሳተ መሆኑን ጽፎ አመሰገነው፤ ምትክ ዳዮድም በፖስታ ላከለት፤ ለቀሩትም ገዢዎች የታረመውን ገጽ አደረሳቸው። ዳዮዱ ከተለወጠ በኋላ መሣሪያው ድምፅ ሰጠ። ልጃችን በዚያ ቀን የተደሰተው በድምፁ ብቻ አልነበረም፤ እርሱ ባገኘው ነገር ሌሎች ብዙ ሰዎች ከድካም መዳናቸውን በማወቁም ጭምር ነው። ገንዘቡን በነሐሴ አስመልሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር።

ከዚህ የተነሣ ግን ትዕግሥት ማለት መታለል ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር አንስማማም። በሌላ ጊዜ ከሌላ ሠሪ ማዞሪያዎችና የፊት ሰሌዳ አዘዝን። ያ ሰው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ አራት ጊዜ ብንጽፍለት አንድም ቃል አልመለሰም፤ ዝም እያለንም አዲስ ዕቃ ለሌሎች ለመሸጥ ያስታውቅ ነበር። እኛም በሦስተኛው ወር ለባንካችን አመልክተን ገንዘባችንን አስመለስን፤ በዚህም ኅሊናችን አልወቀሰንም። በሁለቱ ሠሪዎች መካከል ያለው ልዩነት የመዘግየት ልዩነት አይደለም፤ ሁለቱም ዘግይተዋልና። አንደኛው የዘገየበትን ምክንያት ተናገረ፥ ሁለተኛው ዝም አለ። አንደኛው ያለፈውን ትእዛዝ ሳይፈጽም አዲስ ገንዘብ አልተቀበለም፥ ሁለተኛው ተቀበለ። ገዢ ትዕግሥቱን ለማን እንደሚሰጥ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ሊለይ ይችላል።

እንግዲህ ኪት ለመግዛት ያሰበ ወይም ልጁ ይህን የሚወድበት ሰው ከኛ ልምድ ቢጠቀም ብለን ጥቂት ነገር እንጨምራለን። በመጀመሪያ፥ ቢዘገይ ኑሮን የሚያናጋ ገንዘብ ለኪት አይሰጥ፤ ሰው በዕለት ቀለቡ ሊታገሥ አይችልምና። ሁለተኛ፥ መሣሪያው እንቢ ሲል ወደ ሠሪው ከመጻፍ በፊት የሚቻለውን መመርመር ይገባል። ዳዮዶቹና ትልልቆቹ ካፓሲተሮች በትክክለኛው ወገን ተተክለዋልን? የቺፑ ራስ ምልክት ከሰሌዳው ምልክት ጋራ ይገጥማልን? ብየዳው የሚያብረቀርቅና ከሰሌዳው ጋራ የተዋሐደ ነውን ወይስ እንደ ጠብታ ብቻውን የተቀመጠ ነው? ኤሌክትሪኩ በመግቢያው ላይ ሲለካ ስንት ቮልት ነው? ሦስተኛ፥ ሲጽፉ «አይሠራም» ብሎ ብቻ መጻፍ ለሠሪውም ለገዢውም አይጠቅምም፤ የለኩትን ቍጥር፥ ያዩትን ነገርና ጥርት ያለ ፎቶግራፍ መላክ ግን የሳምንቱን ምልልስ ወደ አንድ ቀን ያሳጥረዋል። አራተኛ፥ ጕድለት ሲገኝ አስቀድሞ ለሠሪው ለብቻው መንገር ይገባል፤ ሳይነግሩት በአደባባይ ቢያሳጡት አንድ ሰው የሚያስተዳድረው ሥራ በአንድ ሳምንት ስም ማጥፋት ሊፈርስ ይችላል። አምስተኛ፥ ሥራው መልካም ሆኖ ሲገኝም ዝም ማለት አይገባም። ሰው ሲቀየም ለመጻፍ እንደሚፈጥን ሁሉ ሲደሰትም ቢጽፍ፥ ለሚቀጥለው ገዢ ምስክር፥ ለሠሪው ደግሞ ብርታት ይሆናል።

ይህ ጠባይ ለእኛ ሰዎች እንግዳ ሊሆን አይገባውም ነበር። አባቶቻችንና እናቶቻችን ልብሳቸውን ከሸማኔ፥ ጌጣቸውን ከአንጥረኛ፥ ማረሻቸውን ከቀጥቃጭ ሲያሠሩ፥ ቀብድ ሰጥተው ቀን ቈርጠው ይጠብቁ ነበር እንጂ ከመደርደሪያ አያነሡም ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሠሪውን በእጁ ሥራ መስደብና ማራቅ የተለመደ ክፉ ነገር ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠራተኛን ማንም እንዳይሰድብ በዐዋጅ ከለከሉ። የዐዋጁ ምክንያት ዛሬም ይገባናል፤ ሠሪውን የሚንቅ ሕዝብ የሚሠራለት ሰው ያጣል። ዛሬ ቀጥቃጭን የሚሰድብ ሰው ቢያንስም፥ በደቂቃ ውስጥ የቍጣ ቃል ጽፎ ሩቅ ወዳለ ሠሪ የሚልክ ግን በዝቷል፤ ቃሉን የሚያነበው ሰው ደግሞ በእኩለ ሌሊት በገበታው ላይ ሬዚስተር እየቈጠረ ያለ የቤተ ሰብ አባት ሊሆን ይችላል።

ታላላቅ ፋብሪካዎች ያለ እኛ ትዕግሥት ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንድ ገዢ ቢሄድባቸው ሌላ ሺህ ይመጣላቸዋል። ትንሹ ሠሪ ግን እያንዳንዱን ገዢ በስሙ ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ ሲሄድበትም ሥራው ይጎድላል። ታላላቆቹ ትርፍ የለውም ብለው የተዉትን እንግዳ ድምፅ የሚፈልገው፥ ለተማሪ በሚስማማ ዋጋ የሚያቀርበው፥ አንድ ልጅ ለጻፈለት ጥያቄ ራሱ ተቀምጦ የሚመልሰው ይህ ትንሹ ሠሪ ነው። ስለዚህ እውነቱን እስከ ነገረን ድረስ፥ የዘገየውን ሰው ጠይቀን እንጠብቀው፤ ሲሳሳት በጨዋነት እናርመው፤ ሲፈጽም እናመስግነው። ልጆቻችንም ይህን ሲያዩ ያድጋሉ፤ ነገ እነርሱ ሠሪ ሲሆኑ የሚታገሣቸው ገዢ እንዲያገኙ ዛሬ እነርሱን ታጋሽ ገዢ አድርገን እናሳድጋቸው።